ከጣና ደንገል የተሠሩ ሁለት ጀልባዎች፤ የመጀመሪያዪቱ መፍረስና የሁለተኛዪቱ መድረስ

በየጥኖራ፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ላደገ ሰው ዓባይ ማለት ከሁሉ በፊት ገደል ነው። ከደጋው አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል፤ በበጋ በመልካው ይሻገረዋል፤ በክረምት ይፈራዋል፤ ነገር ግን ሸራ የሚዘረጋበት ውሃ ነው ብሎ አያስበውም። ሆኖም ይኸው ወንዝ ከሚወጣበት ከጣና ሐይቅ ዳር የበቀለ ደንገል ሁለት ጊዜ ከአገር ወጥቶ፣ ጀልባ ሆኖ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተጉዟል። የመጀመሪያዪቱ ጀልባ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ፈረሰች። ሁለተኛዪቱ በዓመቱ ከዚያው ደንገል አጥራና ጠብቃ ተሠርታ ካሰበችበት ደረሰች።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የሁለቱን ጉዞ ጀብዱ መተረክ አይደለም፤ እርሱ በብዙ ቋንቋ ተጽፏል። ልናጣራ የምንፈልገው፣ የመጀመሪያዪቱ ለምን ፈረሰች፣ ሁለተኛዪቱስ ምን ተለውጦላት ደረሰች የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ የመርከበኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ስለ ጥንት ሰዎች የእጅ ሥራ የሚጽፍ ማንኛውም የታሪክ ተማሪ ሊያስብበት የሚገባ ትምህርት አለበት። የጉዞዎቹ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈው የአውሮጳው አቆጣጠር በቅንፍ ተመልክቷል።

1. ደንገልና ታንኳ

ደንገል በጣና ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከውጭ አረንጓዴና ለስላሳ ልጥ አለው፤ ውስጡ ግን ነጭና ቀላል፣ አየር የሞላበት ነው። ስለዚህ የደረቀ ደንገል በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጠላቱም ያው ውሃ ነው፤ በተቆረጠው ጫፉና በተጎዳው ልጡ በኩል ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ይከብዳል፤ ከቆየም ይበሰብሳል።

የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ይህን ጠባይ ዐውቀው ነው። ደንገሉን በነዶ በነዶ አድርገው አጥብቀው ያስሩታል፤ ነዶዎቹንም አጋጥመው ፊቱን ሾል አድርገው ወደ ላይ ያቀኑታል። በመካከል ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበታል፤ ሰውና ጭነት ከውሃ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው በዚህ ላይ ነው። ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ በዳር ይደርቃል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ በሌላ ይተካል። በደቅና በዳጋ፣ በክብራንና በሌሎቹም ደሴቶች ለሚኖሩት ሰዎችና ገዳማት እህልና እንጨት ሲመላለስ የኖረው በዚህ ዓይነት ታንኳ ነው። በዚህ ሙያ በተለይ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው።

በጥንታዊት ግብጽ መቃብሮች ግድግዳ ላይም የደንገል ጀልባዎች ተሥለው ይገኛሉ። ፊታቸውም ኋላቸውም ወደ ላይ የተቈለመመ ነው። ነገር ግን በግብጽ በዓባይ ዳር ይበቅል የነበረው ደንገል በዘመናት ብዛት ጠፍቷል። የግብጽን የጥንት ጀልባ እንደገና ሊሠራ የፈለገ ሰው ደንገሉን ከወንዙ ራስጌ፣ ከጣና መፈለግ ግድ የሆነበት በዚህ ምክንያት ነው።

2. የመጀመሪያዪቱ ጀልባ

ይህን ያሰበው የኖርዌይ ተወላጅ ቶር ሄየርዳል ነው። ሄየርዳል ቀደም ብሎ በ1939 ዓ. ም. (1947) ኮንቲኪ በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የፓሲፊክን ደሴቶች በመድረሱ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ የጥንት የሜዲትራንያን ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ወይ የሚል ነው። ደንገል በጨው ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት የበለጠ አይቈይም የሚሉ ዐዋቂዎች ነበሩ። ሄየርዳል ግን በክርክር ከሚወሰን በሥራ ቢታይ ይሻላል አለ።

በ12 ቶን የሚገመት ደንገል በጣና ተቈርጦ፣ ደርቆ፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብጽ ሄደ። ጀልባዪቱ የተሠራችው በጊዛ በፒራሚዶቹ አጠገብ ነው። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም በአገራቸው ከጣናው ታንኳ ተለቅ ያሉ የደንገል ጀልባዎች ይሠራሉ። የጀልባዪቱን መልክ ደግሞ የጥንት መርከቦችን ታሪክ ያጠናው ፊንላንዳዊው ብዮርን ላንድስትሮም ከመቃብር ሥዕሎች ተነሥቶ ነደፈው። ርዝመቷ 15 ሜትር ያህል ሆነ፤ ስሟም በግብጻውያን የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። የቡዱማ ጀልባ ፊቱ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ኋላው ግን እንደ ተቈረጠ ሆኖ ያበቃል። በሐይቅ ላይ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። የግብጹ ሥዕል ግን ኋላውም እንዲቈለመም ይጠይቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በልማዳቸው የሌለ ኋላ በጀልባዪቱ ላይ እንዲጨምሩ ተደረገ። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ከተቈለመመው የኋላ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጀልባዋ ወለል የሚወርድ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ የኋላውን ቅርጽ ለመጠበቅ ብቻ የተደረገ መስሎ ስለታየ፣ ኋላው አንድ ጊዜ ቅርጹን ከያዘ በኋላ አያስፈልግም ተብሎ ቀረ።

«ራ» በሞሮኮ ከሳፊ ወደብ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ. ም. (25 ሜይ 1969) ተነሣች። የተሳፈሩት ሰባት ሰዎች ሲሆኑ ከሰባት አገር የመጡ ነበሩ፤ እነዚህም ኖርዌይ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ኢጣልያ፣ ግብጽና ቻድ ናቸው። በመጀመሪያዪቱ ቀን መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ይህ ከባድ ቢሆንም ጉዞውን አላስቀረውም፤ ደንገሉም በሁለት ሳምንት ይሰጥማል እንደተባለው አልሰጠመም። ጀልባዪቱን የጎዳት ሌላ ነገር ነው። ኋላዋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ማዘንበል ጀመረ።

የአደጋው አካሄድ ሲመረመር እንደሚከተለው ነው። የውቅያኖስ ማዕበል እንደ ሐይቅ ሞገድ አጭር አይደለም፤ አንዱ የማዕበል ጀርባ ጀልባዪቱን ከወገቧ ሲያነሣት ፊቷና ኋላዋ በአየር ላይ ይቀራሉ። በሥዕሉ ላይ ያለው ገመድ በዚህ ጊዜ የደጋን አውታር ሥራ ይሠራል፤ የኋላውን ጫፍ ወደ ወገብ እየሳበ ይይዘዋል፤ ጀልባዪቱም እንደ አንድ አካል ትለጠጣለች እንጂ አትቈረጥም። ገመዱ ከሌለ ግን ኋላው በተጨመረበት ቦታ ላይ እንደ ማጠፊያ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ሲያዘነብል ማዕበሉ በላዩ ላይ ይወጣል፤ ማዕበሉ ሲወጣበት ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሲከብድም ይበልጥ ያዘነብላል። ጉዳቱ ራሱን የሚያሳድግ ዓይነት ጉዳት ነበር። እንዲሁም የሚጐተተው ኋላ ጉዞውን አዘገየው።

መርከበኞቹ በተቻላቸው ሁሉ ቢጥሩም ማሰሪያው እየተበጠሰ ደንገሉ በነዶ በነዶ መለየት ጀመረ። ሐምሌ 11 ቀን 1961 ዓ. ም. (18 ጁላይ 1969) ጀልባዪቱን ትተው ሊረዳቸው ወደ መጣው «ሸናንዶዋ» ወደተባለው መርከብ ተዛወሩ። ሰባቱም በደኅና ተረፉ። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነበር፤ የባርባዶስ ደሴት ሩቅ አልነበረችም።

3. ሁለተኛዪቱ ጀልባ

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው፣ ደንገል ለውቅያኖስ አይሆንም ብሎ ነገሩን መተው ነው። ሁለተኛው፣ የፈረሰው ደንገሉ ነው ወይስ አሠራሩ ነው ብሎ መለየት ነው። ሄየርዳል ሁለተኛውን መረጠ። የተሰበረው ደንገሉ እንዳልሆነ ስምንት ሳምንት ያህል መንሳፈፉ መስክሮለታል። የተሰበረው መጋጠሚያው ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛዪቱ ጀልባ ከጣና የተቈረጠ ደንገል እንደገና ቀረበ፤ ሠሪዎቹ ግን ተለወጡ። በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚኖሩት የአይማራ ሰዎች ቶቶራ ከሚባል ተክል ጀልባ ይሠራሉ። የእነርሱ ጀልባ ፊቱም ኋላውም የቀና ነው፤ በዚህ ረገድ ከግብጹ ሥዕል ጋር ከቻዱ ይልቅ ይቀራረባል። አራት የአይማራ ሠሪዎች ወደ ሳፊ መጥተው «ራ ሁለተኛ»ን ሠሩ።

የአሠራሩ ልዩነት ይህ ነው። የቻዱ ጀልባ ብዙ ነዶዎች አንዱ በሌላው ላይ እየታሰሩ እየተጨመሩ የሚያድግ ሲሆን፣ የአይማራው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሱ ሁለት ታላላቅ ጥቅሎች ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ቀጭን ጥቅል ይቀመጣል። አንድ ረጅም ገመድ አንዱን ትልቅ ጥቅል ከመካከለኛው ጋር እየጠመጠመ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ሌላ ገመድም በማዶው እንዲሁ ያደርጋል። ገመዶቹ በሰው ኃይል ሲወጠሩ ሁለቱ ታላላቅ ጥቅሎች እየተቀራረቡ መካከለኛውን በውስጣቸው ውጠው አንድ አካል ይሆናሉ። ፊትና ኋላው ከወገቡ ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ በኋላ የተጨመረ ጫፍ የለም፤ የሚላላ መጋጠሚያም የለም። ጥቅሉም አጥብቆ ስለተወጠረ ውሃ የሚገባበት ክፍተት ይቀንሳል። ርዝመቷም ከ15 ወደ 12 ሜትር ወረደ፤ ይኸውም ከአምስት እጅ አንዱ ተቀነሰ ማለት ነው። አጭር ጀልባ ደግሞ በማዕበል ጀርባ ላይ ስትወጣ ወገቧን የሚሰብራት ክብደት ያንሳል።

«ራ ሁለተኛ» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ. ም. (17 ሜይ 1970) ከዚያው ከሳፊ ተነሣች። በዚህ ጊዜ የተሳፈሩት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከጃፓንና ከሞሮኮ የመጡ ሰዎችም ተጨምረዋል። በ57ኛው ቀን፣ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ. ም. (12 ጁላይ 1970) ባርባዶስ ደረሰች። የተጓዘችው 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ጀልባዪቱ እጅግ ዝቅ ብላ ነበር፤ ነገር ግን ኋላዋ አልወደቀም፤ አካሏም አልተለያየም። ዛሬ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ በኮንቲኪ ሙዚየም ትታያለች።

የሁለቱን ፍጥነት ብናስተያይ የመጀመሪያዪቱ በቀን በአማካይ ከ90 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ስትጓዝ ሁለተኛዪቱ 107 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛለች። ነፋስና የውሃ ሞገድ በየዓመቱ ስለሚለያይ ልዩነቱን ሁሉ ለአሠራሩ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ኋላዋ የሚጐተት ጀልባና አካሏ የተካከለ ጀልባ እኩል እንደማይሄዱ ግልጽ ነው። አጥሮና ጠብቆ መሠራት ሁለተኛዪቱን በአንድ ጊዜ ጠንካራም ፈጣንም አደረጋት።

4. ስለ ማስረጃው ዋጋ

አንዳንድ ጸሐፊዎች «ራ ሁለተኛ» በመድረሷ የጥንት ግብጻውያን አሜሪካን እንደ ረገጡ የተረጋገጠ አድርገው ተናግረዋል። ይህ ትክክል አይደለም። የሚቻል ነገር ሁሉ የተደረገ ነገር አይደለም። ጉዞው ያስረዳው የደንገል ጀልባ ይህን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ነው፤ መሄዱን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህ ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። ከአሮጌው ዓለም ወደ አዲሱ ዓለም ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚለውን አሳብ ያስረዳችው ጀልባ በአዲሱ ዓለም ሰዎች እጅ የተሠራች ናት። ደንገሉ የጣና ነው፤ መልኩ የግብጽ ሥዕል ነው፤ ጀልባዪቱን ከመፍረስ ያዳናት የአስተሳሰር ጥበብ ግን የቲቲካካ ነው። ስለዚህ የግብጽ ጀልባ ደረሰ ከማለት ይልቅ ከሦስት አገር የተውጣጣ ጀልባ ደረሰ ማለት ወደ እውነት ይቀርባል።

ይህን ስንል የሄየርዳልን ሥራ ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም ለታሪክ ጥናት የጠቀመችው የደረሰችው ሳትሆን የፈረሰችው ጀልባ ናት ለማለት ይቻላል። በመቃብር ግድግዳ ላይ ከሦስትና ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተሣለው ያ ገመድ ሥራው ምን እንደሆነ ዐይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የታወቀው ገመዱ በመቅረቱ ነው። ሠዓሊው ያየውን ሣለ፤ እኛ ግን ጌጥ መሰለን።

5. በአገራችን ያለ ተመሳሳይ ነገር

የተሰበረን ነገር ከመጠገን በፊት የተሰበረበትን ምክንያት መጠየቅ እንደሚገባ ለማየት ወደ አትላንቲክ መሄድ ግድ አይደለም። ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጠላት ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ተቈርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ መንገደኛ በገመድ ታስሮ ከማዶ በሰው እየተሳበ ክፍቱን ይሻገር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በክፍቱ ላይ ቀላል የብረት መሻገሪያ ተጣለበት። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የክረምት ሙላት ወሰደው። በመጨረሻ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009፣ ከዚያ ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

ብረቱ ደካማ አልነበረም፤ የቅስቱንም ክፍት በሚገባ ሞልቶት ነበር። ያላየው የዓባይን ሙላት ከፍታ ነው። የመጀመሪያው ጥገና የተመለከተው ክፍቱን ነው፤ የሁለተኛው ግን ወንዙን ተመለከተ። «ራ» እና «ራ ሁለተኛ»ም የሚለያዩት በዚሁ ዓይነት ነው።

6. ለእኛ የቀረው ሥራ

በሁለቱ ጀልባዎች መርከበኞች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ ከሠሪዎቹም መካከል የጣና ሰው አልነበረም። ይህ ቅር ሊያሰኘን ይችላል፤ ነገር ግን ታንኳ ሸራ የሌለው፣ ለሐይቅ የተሠራ ትንሽ ጀልባ ስለሆነ ለውቅያኖስ አለመመረጡ አያስደንቅም። ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም ደንገል የሚቈርጡት ሰዎች ስለ ደንገል የሚያውቁት ነገር ነው።

ሄየርዳል ራሱ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። «ትግሪስ» የተባለችውን ሦስተኛ ጀልባ በኢራቅ ለመሥራት ሲዘጋጅ፣ በረግረጉ ዳር የሚኖሩት ዐረቦች በኦገስት ወር (ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ) የተቈረጠ ሸምበቆ ከሌላው ይልቅ ውሃ ሳይጠጣ እንደሚቈይ ነገሩት። እንደ ቃላቸው በዚያ ወር አስቈረጠ። ጀልባዪቱም ከአምስት ወር በኋላ ጂቡቲ ስትደርስ ገና በሚገባ ትንሳፈፍ ነበር። በዙሪያው በነበረው ጦርነት ምክንያት ወደ ቀይ ባሕር መግባት ስላልቻለች፣ መርከበኞቹ ጦርነቱን በመቃወም መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ. ም. (3 ኤፕሪል 1978) በጂቡቲ አቃጠሏት። ስለዚህ ያን ያህል ዋጋ የነበረው ዕውቀት በቤተ መጻሕፍት ወይም በመቃብር ሥዕል ሳይሆን በሸምበቆ ቈራጮች ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

በጣና ዳርም እንዲህ ያለ ዕውቀት አለ። የወይጦ ሰዎች ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች በመሆናቸው ጎረቤቶቻቸው ሲርቋቸው ኖረዋል፤ ሰው ሲናቅ ደግሞ ሙያውም አብሮ ይናቃል፤ የተናቀ ሙያ ደግሞ ብዙ ጸሐፊ አያገኝም። ዛሬ የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ በዝቷል፤ ደንገሉ የሚበቅልበት ዳር ለእርሻ እየዋለ ነው፤ ከ2004 ዓ. ም. (2011) ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ደንገሉ ካነሰ ታንኳው ያንሳል፤ ታንኳው ካነሰ አሠራሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ተተኪ አያገኙም።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ የሚሄዱ ተማሪዎች ለዚህ ጥናት ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ሥራ አለ። ታንኳ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ቀርበው ሦስት ነገር ይጠይቁ። ደንገል በየትኛው ወር ቢቈረጥ ይሻላል? ስንት ቀን በምን ዓይነት ቦታ ይደርቃል? ከማሰሪያዎቹ ሁሉ ቢበጠስ ታንኳውን የሚያጠፋው የትኛው ነው? መልሱንም ሰውዬው በተናገረበት ቃል፣ የየክፍሉን ስም ሳይለውጡ ይጻፉ። ታንኳው ሲሠራ ቢያዩ ደግሞ እያንዳንዱን ቋጠሮ በየተራው ይሣሉ፤ ጌጥ የመሰለውንም አይተዉ።